ሁለተኛ ወጣሁ

በሽምብጥ ዳር ዳሩን መጠይቄን ይዤ፣
በብስክሌት መጣሁ በጭቃ ተጉዤ።
ቤት ቁጥር አርባ አንድ፤ ጆንያ ነው መዝጊያ።
ጦይባ ፈቅ አረገች ደንገሏን ወደዚያ።

ጣሪያው? «ቆርቆሮ ነው፤ በሚስማሩ ያፈሳል።»
ወለሉ? «አፈር ነው፤ ክረምት ክረምት ይርሳል።»
ሬዲዮ? «አለ እንጂ፤ ድንጋዩ ነው ያለቀ።»
ነጥብ አስገኘላት፤ ድህነት በአንድ ራቀ።
መጓጓዣስ? መኪና? ሞተር ወይስ ባጃጅ?
«ታንኳ አለን» አለችኝ፣ «በሦስት ወር የሚያረጅ።»
ብወርድ፣ ብወርድ፣ ታንኳ የሚል አጣሁ፤
«ሌላ» የሚለውን ነካሁና ወጣሁ።

የወር ገቢሽ ስንት ነው? «የቱን ወር ነው፣ ልጄ?
ያኔ እምቦጭ መጥቶ ሲዘጋብኝ ደጄ?
ቆሮሶ የወጣ 'ለት ሦስት መቶም አለኝ፤
አሳው እንቁላል ሲጥል ማን መረብ ሊያስጥለኝ?»
ደምሬ በአሥራ ሁለት አካፈልኩላት፤
በዕድሜዋ አንድም ወር ያን ቁጥር ሆኖ አልነጋላት።

ታብሌቱ አሰበ፤ ክቡ ዞረ፣ ዞረ፣
«ሁለተኛ እርከን» ሲል ፈርዶ ተናገረ።
እርከኑ አምስት ነው፤ ይህ ከታች ሁለተኛ፤
ማለት፣ ከሷም በታች ገና አለ የተኛ።

«ምን አለ?» «ሁለተኛ።» «ከስንት ነው?» «ከአምስት።»
ብድግ ብላ ጮኸች ወደ ጎረቤት፦
«ዘምዘም! ዘምዘም ስሚኝ! ሁለተኛ ወጣሁ!
ልጄስ ሠላሳኛ፤ እኔ ነኝ ያመጣሁ!»
ከታች ነው ቆጠራው ልላት ነበር፤ ተውኩት።

«አንተስ ስንተኛ ነህ?» ብላ ሁለት ቆሮሶ
በፌስታል ቋጥራ
ብስክሌቴ መሪ ላይ አንጠለጠለች።

ማታ፣ ቀበሌ አሥራ አራት፣ በኪራይ ክፍሌ
(ደሞዜ አልገባም፤ ሦስተኛ ወሩ ነው፤
በባለሱቁ የዱቤ ደብተር ሁለተኛ ገጽ ጀምሬያለሁ)
መጠይቁን በራሴ ላይ ከፈትኩት።
ወለል? ሲሚንቶ፤ የሰው።
ሬዲዮ? በስልኬ።
ብስክሌት? አለ።
ክቡ ዞረ። ሦስተኛ።
መካከለኛ ነኝ እንግዲህ።
ጦይባን የምበልጣት በሁለት ጎማ ነው፤
የኋላው ደግሞ ገና ከሽምብጥ ሳልወጣ ተንፍሶ
በዘንባባው ሥር እየገፋሁት ነው የመጣሁ።

ለካ አንድ ጥያቄ ዘልያለሁ፦
«ባለፉት ሰባት ቀናት
ከሌላ ቤተሰብ የምግብ እርዳታ አግኝተዋል?»

ቆሮሶው መጥበሻው ላይ ይንጫጫል።
ጣቴ አየር ላይ ቆሟል።