ቁጥር አሥራ ሰባት

ሠላሳ ብስክሌት አለኝ፣ አንዱም የእኔ ያልሆነ፣
በሐይፋ ታችኛው ከተማ፣ ለእንግዳ የተወሰነ።
ማታ ማታ ጎማ እነፋለሁ፣ ሰንሰለት ዘይት እቀባለሁ፣
ከቅርጫታቸው ውስጥ የተረሳ ዕቃ እለቅማለሁ፤
የብርቱካን ልጣጭ፣ የሕፃን ካልሲ፣ ያውም ነጠላ፣
አንዴማ የሽማግሌ ጥርስ፣ በመሐረብ ተጠቅልላ።

ትናንት አሥራ ሰባት ቁጥር አልተመለሰም።
ከባቡር ጣቢያው እስከ ወደቡ፣ ባትሪዬ እስኪያልቅ ፈለግኩ፤
አለቃዬ ደወለ፤ «አገኘዋለሁ» አልኩ።

የቱሪስቱ ካርታ አያውቃትም የኛን ሰፈር፤
ቀይዋ መስመር ታልቃለች ከዳገቱ ሥር።
በሌሊት ሽቅብ ወጥቼ ደጃፋችን ስደርስ፣
አሥራ ሰባት ቆሟል፣
የአባቴን ጋቢ ደርቦ፣ እንደ ሙሽራ ፈረስ።

«ቀስ በል!» አለች እናቴ አስረበብ፣ በሹክሹክታ፣
«አንድ ቀይ ፈረንጅ አመጣው፣ ላብ አጥምቆት፣ ማታ፤
ውሃ ሰጠሁት፣ በእጁ አመስግኖ በእግሩ ወረደ፤
ይኼ ግን ቀረ፤ ታዲያ ዝም ልበል፣ በብርድ እየራደ?»

ስልኬ ጮኸ። «ተገኘ ወይ?» ይላል።
«ተገኝቷል።» «ታዲያ መቼ ይመጣል?»
«ነገ። ዛሬ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ያድራል።»

ደወሉን በመዳፌ አፍኜ፣
ቀስ ብዬ አስገባሁት።