ጨው ያልነካው ድስት

አራት የበሬ እግር በጋዜጣ ጠቅልሎ
ሰጠኝ ሥጋ ሻጩ፣ «ዋጋው ይቆይ» ብሎ።
«በረዶ ጣለ አይደል? አባትሽ ቢኖር ኖሮ
ዛሬ መች ይተኛል፤ ምድጃው ሥር አድሮ!»
ምንም አልመለስኩም። ዛቬን ደግ ሰው ነው፤
ግን ደግነት እንኳ አንዳንዴ ስለት አለው።

ጊዩምሪ ላይ ክረምት ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው የሚተኛው፤
ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ከዚያው ነው የተሠራው።
ያንን ድንጋይ ሲጠርብ ኖረ አባቴ ህማያክ፤
ሁለት ልጅ አሳደገ፣ በመዶሻው ኳኳታ እያስተኛ፤
ያንኑ መዶሻ ተጣላንበት፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ እኛ።
እኔ ይቀመጥ አልኩ፣ ጉርጌን ይሸጥ አለ፤
ከጥቅምት ወዲህ በመሃላችን ቃል የሚባል የለ።

እግሩን እሳት ላይ ለብልቤ፣ ጥቁሩን በቢላ ፍቄ፣
በመጥረቢያ አፍ አጥንቱን ሰንጥቄ፣
አንድ ቀን ሙሉ ዘፈዘፍኩት፣ ውሃውን እየቀየርኩ፣
ደሙ እስኪነጣ፣ ሽታው እስኪጠፋ ታገስኩ።
ከዚያ በትልቁ ድስት። ውሃ ብቻ። ሽንኩርት የለ፣
ቅመም የለ፣ ጨው የለ። አባቴ እንዲህ ነበር ያለ፦
«ድስት ውስጥ ጨው የሚጨምር በሰው አፍ የሚፈርድ ነው፤
ሲነጋ እያንዳንዱ በየሳህኑ ያድርገው።»

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። አረፋው ግራጫ፣ ቆሻሻ፤
ገፈፍኩት፣ ተመለሰ፣ እንደ ተባረረ ውሻ።
አራት ሰዓት ላይ ጠራ። እሳቱን ዝቅ አደረግኩ፤
እንዲንፈቀፈቅ ሳይሆን እንዲያንሾካሹክ ፈለግኩ።
መረቅ ካጣደፉት ይደፈርሳል፣
ከረሱት ይቀዘቅዛል፤
እና ሰው ዓይኑን ተክሎ ያድራል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል፤
ደጃፉ ላይ አንድ ሰው በረዶ ከጫማው ያራግፋል፤
ሦስቴ ግራውን፣ ሦስቴ ቀኙን።
አባቴ እንዲያ ነበር የሚመታው ደፉን።
ልቤ ቆመ። ከፈትኩ።

ጉርጌን።

«ሽታው መንገድ ላይ ጠራኝ» አለ። ውሸት ነው፤ ቤቱ
ከባቡር ጣቢያው ማዶ ነው፤ እዚያ ድረስ አይጮህም ድስቱ።
ኮቱን ሳያወልቅ ጭልፋውን ከእጄ ወሰደ፤
አረፋ የሌለውን መረቅ ገፈፈ፣ እንደ ለመደ።
ተኚ አላለኝም። ተቀመጥ አላልኩትም።
ነጭ ሽንኩርት ስልጥ አመሸሁ፤ ሌላ ምንም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥንቱ ከሥጋው ተለየ፣
ያለ ጠብ፣ ያለ ሽማግሌ። ጉርጌንም ይህን አየ።
«አልሸጥኩትም» አለ። ምኑን አላልኩም፤ ገብቶኛል፤
ከኮቱ ኪስ የመዶሻው እጀታ ወጥቶ ይታያል።

ሊነጋጋ ሲል ጎረቤት መጣ። ለኻሽ ሰው አይጠራም፤
ሽታ ያየ ይመጣል፣ ይቅርታም አይጠይቅም።
አሮጊቷ አጋቭኒ ደረቅ ላቫሽ በከረጢት ይዛ፣
ሹፌሩ ሚህራን ቮድካ በብብቱ፣ ፊቱ በብርድ ወዝቶ ወዛ።
«መልካም ብርሃን!» አሉ፤ የመጀመሪያው ጽዋ ይኸው ነው፤
መስኮቱ ግን ገና ጥቁር ነው።

ላቫሹን ፈረፈርን፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተበተነ።
መረቁ ሙጫ ነው፤ ከንፈርን ከከንፈር አጣብቆ ዘጋ፣
ዝም ላልን ሰዎች ሰበብ ሆነን፣ እስኪነጋ።

ጨው ዞረ።
ካልጣፈጠ ጨውን እንኳ ሰው ድንጋይ ብሎ ይጥላል፤
አባታችን ግን ድንጋይንም አልጣለ፤ ጠርቦት ቤት ሆኗል።
ይህን ላወራ ስል ጉርጌን ከጨው ዕቃው ቆንጥሮ፣
ሳይጠይቀኝ፣ የአባቴን ሕግ ሽሮ፣
በሳህኔ በተነ።

በዛ። በጣም በዛ።
ጠጣሁት፤ አንድ ጠብታ አላስቀረሁም።