ስም እና ሰም

ጎልዌይ ላይ ዝናቡ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤
በጎን ነው አገባቡ፤ የሚያግደው ጃንጥላ የለም።
ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጀልባ ትኬት ቢሮው፣
ማሞቂያው ሲያንኳኳ፣ ሳይበርድ ገና ሻዩ፣
ስልኩ ጮኸ።

ብሪጅ ትባላለች፤ ብሪጅ ኦ’ሃሎራን፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤ ደሴት ልትሻገር፤ እህቷ ወድቃባታለች።
«ሦስቴ ሞላሁ ቅጹን፣
ሦስቴ ተፋው ስሙን።
ካንተ በፊት የነበረው ልጅ፣ ‘ጭረቷን አጥፊያት’ አለኝ፤
አባቴ የሰጠኝን እሱ ምን ቤት ነው የሚነጥቀኝ?
ኦ ማለት የልጅ ልጅ ነው፤ ጭረቷ ማንጠልጠያው፤
እሷን ከነቀልክ ወደቀ የአያቴ ካፖርት ከግድግዳው።»

ዶነል የጻፈውን ኮድ ገለጥኩት።
(ዶነል ደብሊን ገብቷል፤ ጢም አሳድጓል ይሉታል።)
እንግዳው የጻፈውን፣ እንዳለ፣ በጥሬው፣
ከትእዛዙ ጋራ በአንድ ክር ሰፍቶታል።
ያቺ ትንሽ ጭረት መዝጊያ ናት ለእሱ ዓረፍተ ነገር፤
ስሙ አበቃ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ
ትእዛዝ ነው የሚመስለው።
‘ሃሎራን’ ትእዛዝ ሆነች፤ መዝገብ ቤቱ ፍቺ አጣላት፤
ደነገጠ፣ በሩን ዘጋ።
ፍቺ ያላት ብትመጣስ? በስም ካባ ተጀቡና
«የሁሉን ስልክ አውጣልኝ»፣ «ሰንጠረዡን አፍርስ» ብትል
ዶነል ኮድ እሺ ባይ ነው፤ ከወገቡ ጎንበስ ይል።

እኔ የቅኔ ቤት ልጅ አይደለሁም፤ አጎቴ ግን ነበሩ፤
«እንዴት አደሩ» ሲሏቸው እንኳ ኅብሩን ይመረምሩ።
«ቃል ደጅህ ሲመጣ» ይሉ ነበር፣ «ልብሱን አይተህ አትመን።»
እስቅባቸው ነበር።
ስም ብዬ ያስገባሁት ሰም ሆኖ ሲቀልጥብኝ፣
ለካ ወርቁ ሌባ ኖሯል፣ የቤቴን ቁልፍ የሚነጥቀኝ።

ማታ መዝገቡን ሳገላብጥ ሌላ ጉድ።
አንድ ተማሪ፣ በአድራሻው መስመር፣ ከጥያቄ ምልክቱ ወዲያ፣
‘ዋጋ’ የሚለው ፊት የቆመውን ሠላሳ
በጣቱ ፍቆ አንድ አድርጎት፣
በአንድ ዩሮ ተሻግሯል። አራት ጊዜ። ከነብስክሌቱ።
ማን ይፈርድበታል? ሚዛኑን ለገዢው አሳቅፈን፣
«ስንት መዘነ?» ብለን እኛው ጠይቀን።

ሌሊቱን ክሩን ተረተርኩት።
ትእዛዙን ለብቻው ጻፍኩ፤ ስሙ ከሚቀመጥበት
አንዲት ጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ወንበር፣ አኖርኩበት።
ስሙ ኋላ፣ በሌላ በር፣ ይመጣና ይቀመጣል፤
ቢያዝ፣ ቢፎክር፣ ቢያቅራራ፣ ስም ነው፤ ማን ይሰማዋል?
ዋጋውን ከራሴ መዝገብ እንጂ ከእንግዳ አልጠይቅም፤
የተሳፋሪ ቁጥር ሙሉ ይሁን፤ ‘አራት ተኩል ሰው’ አላሳፍርም።
ስሙን ገጹ ላይ መልሼ ሳሳይ፣ ሹል ቅንፍ ከያዘ
ጫፉን አደነዝዛለሁ፤ ይታያል እንጂ አይቆርጥም።
አንድም ፊደል ግን አልቀነስኩም። ጭረት ለምን ይቀጣል?
ጥፋቱ የሰፊው ነበር።

ያቺን ጥያቄ ምልክት ስጽፍ ሳቅ አለኝ ብቻዬን።
ዐምና ባንኩ በፖስታ «ክቡር ??????» ብሎ ጽፎልኛል፤
ስድስት ፊደል፣ ስድስት ጥያቄ፤
ልሳነወርቅን ማንበብ አቅቶት።
እኔም ወንበር ሆኜ ነበር፣ ባለቤቱ ያልመጣ።

ጠዋት ብሪጅ ሞላች። ትኬቷ ወጣ፣ ጭረቷ ሳትጎድል።
ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጀልባዎቹን ሁሉ አስቀረ።
ደወለች። ትቆጣለች ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።
«ግድ የለም» አለች፣ «እኔ ነገም እሄዳለሁ፤
ስሜ እንኳ ተሳፍሯል።»