ሃያ ቦሊቪያኖ

መምህርት ኢርማ ገባች፣ ጠመኔ አልያዘች፤
ለየቡድኑ ፖስታ አንድ አንድ አደለች።
በየፖስታው ሆድ ውስጥ ሃያ ቦሊቪያኖ፣
የሁለት ሰው ምሳ፣ ያውም ሾርባው ቀጥኖ።

«አምስት ሳምንት አላችሁ፤ ፈተናው ደጅ ነው።
ችግር ፈልጋችሁ፣ ስም ያለው፣ መልክ ያለው፣
ባለቤቱ ራሱ ከኪሱ አውጥቶ
የሚገዛውን ሥሩ፣ በዋጋ ተሟግቶ።
በነጻ የሰጠ ዜሮ ነው ውጤቱ፤
አይቆጠርለትም፣ ከገዛች እናቱ።»

ሦስት ናቸው በቡድን፦ ኔይዳ፣ ኤልመር፣ ወይራ።
ወይራ ለእኛ ዛፍ ነው፣ ምስጥ የማይደፍረው፤
በኬችዋ ቋንቋ ግን ነፋስ ማለት ነው፤
ልጁም ስሙን መስሎ ሐሳብ አያረጋ፣
አንዱን ሳይጨርሰው ሌላውን ፍለጋ።

የመጀመሪያው ሳምንት በወረቀት አለቀ፤
አርባ ገጽ ተጻፈ፣ በቀለም ደመቀ፦
ፀሐይ የሚሞላው የገበያ መብራት፣
የአምስት ዓመት ትርፉ ሽቅብ እንደ ዳገት።
ኢርማ ሦስት ገጽ ገልጣ «ማን ጠየቃችሁ?» አለች፤
መልስ እንኳ ሳትጠብቅ ሌላ ቡድን ጠራች።
ኤልመር አቀርቅሮ የጫማውን ቀዳዳ ቆጠረ።

ላ ካንቻ ገበያ የድንቹ መልክ ብዛቱ፦
ጥቁሩ፣ ሐምራዊው፣ የጣት ያህል ቅጥነቱ፣
ውርጭ ያደረቀው፣ ጠጠር የሚመስለው።
ከድንቹ ክምር ኋላ፣ ከመሬት እኩል ሆና
ባርኔጣዋ ብቻ፤ ዶኛ ሳቱርኒና።

«መብራት ያስፈልግዎታል?» ወይራ ነው የቸኮለ።
«ሲመሽ ቤቴ ነኝ እኮ! በጨለማ ድንች ማን ገዝቶ ያውቃል?
መብራትህ ይቅርና ጉልበቴን ስማልኝ፤
ብድግ ቁጭ ባልኩ ቁጥር እንደ ዛገ በር ነው የሚጮህብኝ።»

ከተጣለ ጎማ፣ ከሸንበቆ ቅሪት
ወንበር ሠሩ ማክሰኞ። ረቡዕ ጠዋት
ዶኛዋ ከነባርኔጣዋ ድንቹ ላይ ተዘረረች፤
ተራው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች፤
ኔይዳ ነች ከጆንያ ጀርባ ያለቀሰች።

ሁለተኛው ጸና፣ አልተነቃነቀም፤
ቁመቱ ግን በዝቶ እጇ ሚዛን አልደረሰም።

ከዚያ ኔይዳ ብቻዋን፣ ደብተር ሳትይዝ መጣች፣
ጆንያ አነጠፈች፣ ከጎኗ ተቀመጠች፣
ከንጋት እስከ ማታ። ያኔ ነው ያየችው፦
ግራ እጇ ለሚዛን፣ ቀኟ ለፌስታል ነው፣
የሰፊ ቀሚሷን ጫፍ ምስማር ይዞ ሲያስቀረው።

ሦስተኛው ዝቅ አለ፣ ግራ ጎኑ ክፍት፣
ምስማር የሌለበት፣ የጎማ ጠፍር የተጠለፈበት።
«ሠላሳ አምስት» አለ ኤልመር። «አሥራ ስምንት» አለች፤
ጀርባዋን ሰጠቻቸው፣ ተመልሳ ዞረች።
በሃያ ስምንት አለቀ፣ ድንች ተመርቆ።
ኤልመር ትርፉን ጻፈ፣ ሁለቴ አስምሮ፣ በኩራት አድምቆ፦
ስምንት ቦሊቪያኖ።
ለሦስት ሰው። ለአንድ ወር።

ለሪፖርቱ ፎቶ በመጨረሻ ቢመጡ፣
ዶኛዋ መሬት ላይ! በድንጋጤ ፈጠጡ።
«ተሰበረ?»
«አከራየሁት፤ ለሽንኩርት ሻጯ፣ በቀን ሁለት፤
የእኔ ጉልበት የሚጮኸው ከሰዓት ነው፣ የሷ ወገብ ጠዋት።
ወጪዬን ልመልስ ጥቂት ቀን ቀረኝ። ስድስት ጨምሩልኝ፤
ግማሹን አሁን በእጅ፣ ግማሹን ከኪራይ ታገሡኝ።
ብዙ ለሚገዛ ደግሞ፣ ካላወቃችሁ ልንገራችሁ፣ ዋጋ ይቀነሳል።»
ወይራ አፉን ከፈተ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ነፋሱ ቆመ።

በፈተናው ዕለት ሌላው ሁሉ ፕሮጀክተር ሲያሞቅ፣
እነሱ ዶኛዋን አስገቡ፣ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ።
መድረኩ ላይ አልወጣችም። ዞር ዞር ብላ አየች፣
የመቀመጫውን ረድፍ በጣቷ ቆጠረች፦
«ይሄ ሁሉ ወንበር ማታ ማታ ምን ይሠራል?
ኃላፊው የታለ? በቀን ስንት ይከራያል?»

አዳራሹ ሳቀ።
ኢርማ አልሳቀችም፤
ከፊት ረድፍ አንዱን ልጅ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች፤
እስክሪብቶ ተዋሰች።