በእርሳስ

ወይዘሮ ሃልቮርሰን ዓሥራ አራት ካርቶን
ከልጇ መኪና አስወርዳ ሰጠችን።
«ሟቹ ያነሳው ነው፤ ምድር ቤት ሻገተ፤
ከተማው ይውሰደው፤ የሞተማ ሞተ»
አለች። ፈረመች። ሻይ እንኳ ሳትቀምስ
በረዶ ውስጥ ገባች ኮቷን ስትለብስ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ በብረት ጓንት ነው፣
ብሩክስ ቄራ ቆሜ አጥንት የምለየው፤
ቅዳሜ ግን ነጭ ጥጥ፤ ሙዚየም በሆነው
በድሮው ባቡር ጣቢያ ፎቶ ነው የማየው።

ጎተራው በእሳት ሳይበላ በፊት፤
ጎርፍ የወሰደው መንገድ፣ ጀልባ ሲሄድበት፤
ጥርሷን ላለማሳየት ከንፈር የነከሰች
ሙሽራ፤ ደግሞ ላም፣ የተሸለመች፣
ሪባን አንገቷ ላይ። ገልብጬ ሳነበው
«ዴዚ» ይላል፣ በግልጽ። የላሚቱ ስም ነው።
ገመዷን የያዘው የስምንት ዓመት ልጅ
ስም የለውም። እጅ ነው፤ ገመድ የያዘ እጅ።

ተናደድኩ። ሰው እንዴት ላም ጽፎ ሰው ይተዋል?
እንዲህ ያለው ደግሞ ታሪክ ጻፈ ይባላል?

ዓሥራ አራተኛው ካርቶን፣ ከሥር፣ ከመጨረሻው፣
ሰባት ወንዶች ወጡ፤ ቄራው በር ላይ ናቸው።
አራተኛው እኔ፣ በውሰት ካፖርት፣
እጅጌው ጣቶቼን የዋጠብኝ ዕለት።
ከጀርባው፦ «ሠራተኞች። ጥር።»
ሌላ ምንም።

እርሳስ አነሳሁ (ቀለም ፎቶ ይበላል)፣
ከግራ ወደ ቀኝ፦
ሽኩር፣ ቢራራ፣ ኦኬሎ፣
እኔ፣ ጃርሶ፣ መንግሥተአብ፣
እጄ ቆመ።

ፉጨት ነበር የምንለው።
ያ ሁሉ መጋዝ እየጮኸ
ሰንጥቆ የሚወጣ፣
ከወዲያኛው መስመር እኛ ዘንድ የሚመጣ።
ፎቶው ላይም ከንፈሩን አሹሎ ነው፤
ዜማው መሐል ላይ ካሜራው ያዘው።

ካልጋሪ ደወልኩ። ጃርሶ ሳቀ፦ «ፉጨት ነዋ!
ሌላ ስም ነበረው እንዴ?»
ከዚያ ዝም አለ።
ቢራራም አያውቅም። ሽኩር ካረፈ ቆየ።
አንድ ክረምት ሙሉ፣ አንድ አልጋ በፈረቃ፣
እሱ ሲነሳ እኔ በሞቀው የምተኛ፣
ስሙን አልጠየቅኩም።

«ያልታወቀ በለው» አለች ዶሪን፣ ኃላፊዋ።
ይታወቃል፣ አልኳት። አልጋው ይሞቅ ነበር።
በፊደላችን «ፉጨት» ብዬ ጻፍኩ፣
ከፊቱ የአንድ ስም ስፋት ባዶ ትቼ።

ከዚያ ላሚቱን መልሼ አወጣሁ።
ልጁ ፀሐይ በዝቶበት ዓይኑን ጨፍኗል።
እርሳሱን ቀረጽኩ።