ምራቂ

«የህግ ጎዳና» ይሉታል መንገዱን፤
እኔ የማውቀው ግን ከስሩ ገመዱን።
ሃያ አራት ልሳን በአንድ ሽቦ ሲሮጥ፣
አንዱ የተነፈሰው ሌላው ጆሮ ሲሰርጥ፣
ድምፅ እንዳይቆራረጥ፤ ይኸው ነው ሥራዬ፤
ከመስታወት ኋላ፣ ማዳመጫ በጆሮዬ።

ብራስልስ። ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ሳንድዊቹ ደርቋል፣ ውሃውም ሞቅ ብሏል፤
ሊቀመንበሩ ቶርስተን ከረባቱን ፈቷል፤
ሃያ ሰባት አገር በአንድ ቃል ተጣልቷል።

ነገሩ ሰሊጥ ነው።
የሚስማር ራስ እንኳ የማትሞላ ፍሬ
ስንት መርዝ ትሸከም?
ሲለኩ ነበረ፣ ከትናንት እስከ ዛሬ።

«እንዲህ ያለው ጭነት ሊመለስ ይችላል»
ይላል ረቂቁ፤ ለጊዜው ያስኬዳል።
አንዷ ልዑክ ግን እጇን አነሳች፣
«ሊመለስ አለበት» ይባልልኝ አለች።
ይችላል። አለበት።
በሁለቱ መሃል የሚያድር ስንት ቤት!

ዩርጊታ አስተርጓሚዋ፣ የቪልኒየስ ልጅ፣
ቁጥር ስምንት ዳስ ውስጥ፣ ግንባሯ ላይ እጅ፣
ግሱን ትጠብቃለች። አንዳንድ ቋንቋ አለ፣
ፍርዱን እስከ አራት ነጥብ አፍኖ የዋለ፤
እንደኔ አፍ መፍቻ። የኔው ግን እዚህ የለም፤
ቁልፎቹን ቆጥሬ ሃያ አምስት አላገኘሁም።
ቋንቋዬ አልተጠራ፣ ወንበር አልደረሰው፤
ሰሊጤ ግን አለ፤ ብልቃጥ ነው ያፈሰው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባል ነበር፤
አንበሶች ተሰብስበው ድር ሲያደሩ፣ ማን ይታሰር?
ጦር የለም፣ መድፍ የለም፣ ነጋሪት አልተመታ፤
ገበያው ሰፊ ነው፤ ይበቃል ዝምታ።
ከኋላው አፍ አለ፣ ሚሊዮን የሚያላምጥ፤
ሳንቶስ ላቦራቶሪው ማሽን እንዲለውጥ፣
ቺታጎንግ ፋብሪካው ቀለም እንዲያማርጥ፣
መተማ ላይ ደላላው ወሬ እንዲያቋርጥ
አንዲት ግስ ትበቃለች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ «አለበት» ሆነ።
ማንም አላጨበጨበ። ቶርስተን ደወሏን መታ፤
ሰው ሁሉ ካፖርቱን ከወንበሩ ፈታ።
ዩርጊታ «አለበት» አለች በራሷ ቋንቋ፤
ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ሥራ ነው፣ በቃ።

ክፋት አላየሁም፤ ይህን እመሰክራለሁ፤
መርዝ መርዝ ነውና፤ እኔም ልጅ አለኝ፣ አበላለሁ።
ግን
በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ካሉ፣
ቁናውን የሰፉት መቼ ይሰፈራሉ?

እሁድ ጠዋት ሚዲ ጣቢያ፣ ከባቡሩ ድልድይ ግርጌ፣
ሳልፍ አየኋት ዩርጊታን፣ ሻርፔን ጥብቅ አድርጌ።
ወይራ ትገዛለች። ሻጩ፣ ቡሽታ የሪፉ ሰው፣
ኪሎውን በሚዛኑ እስከ ግራም አደረሰው፤
መርፌዋ ስትቆም፣ ልክ ስትል ቀጥ፣
ጭልፋውን መልሶ አንድ እፍኝ ሲገለብጥ፣
«ይኼስ?» አለችው በፈረንሳይኛ። ሳቀ።
ለኔ በቋንቋዬ መጣልኝ፦ መረቀ።

ምራቂ። ይህን ቃል በገመዴ ውስጥ አልሰማሁት፤
ስንት ሌሊት ሙሉ ጆሮዬን ደግኜ ጠበቅሁት።

ሰኞ ደግሞ ተራው የማር ነው፣ የእርጥበቱ።
ማይኩ ይሠራል፤
ይክፈቱ።