ሁለት የጥያቄ ምልክት

ክላክስቪክ በጥር ወር በዘጠኝ ይመሻል፤
የዓሣው ፋብሪካ ጢስ ወደ ባሕር ይሸሻል።
እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፥ ከኮምፒውተሩ ጋር፤
ሆግኒ ቆቡን ይዞ ቆሟል ከበሩ ዳር።
«ሠላሳ አንድ ክረምት መረብ ጠግኛለሁ፤
ጡረታ ቢሮ ሄጄ “የለህም” ተብያለሁ።»
ይህን አለ። ሌላ አላለም።
ዝናቡ ከካፖርቱ ጫፍ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤
አንድ በአንድ፥ እንደ ፊደል።

ስሙን እንዲህ ይጽፋል፦
አንድ ደረጃ ብቻ ያላት መሰላል፤
ቀጥላ አንዲት ክብ፥ ደረቷን ሰያፍ ጦር የወጋት፤
ኦ ስትባል ኧ የምትል፥ ኧ ስትባል ኦ፤
እኛ ደሴት ላይ ከወተት ጥርስ ጋር የምትበቅል።
ማጣሪያው ግን አያውቃትም፤ እንደ ጉድፍ ያያታል።
ጻፍኳት። ወንፊቱ ባዶውን ተመለሰ፦
ዜሮ ረድፍ።

የዚህ ወንፊት ሕግ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል
(የጫነው ከኮፐንሃገን የመጣ ወጣት ነው፤
ስሙን ረሳሁት፤ ጫማው ግን ለበረዶ አይሆንም ነበር)፦
ኮከብ ማለት ምንም፥ ኮከብ ማለት ሁሉ፤
ከስም ፊት አይቆምም፥ አይገባም ከመሃሉ፤
ከጅራቱ ብቻ ነው የተፈቀደው ውሉ።
ጥያቄ ምልክት ግን ለአንዲት ፊደል ቦታ፤
አይበልጥም፥ አያንስም፥ በግድ በይሉኝታ።
እዝባርና መቶኛ ክልክል ናቸው፤ ቢጻፉ
ቀይ መስመር ይጋረዳል፥ ይዘጋል ደጃፉ።

መሰላሏን ጻፍኩና ኮከብ አስከተልኩ።
መጡ። አቤት አመጣጥ!
ሃንሶች፥ ሃኑሶች፥ ሃራልዶች፤
ሞተው የተቀበሩ፥ ግሪንላንድ የቀሩ፥
አምና በኔው ሠርግ ላይ ሰክረው የጨፈሩ።
ሺህ ረድፍ ሞላና ቆመ፤ ከሺህ አያልፍም፤
ገና ሃራልድ ላይ ነው፤ ሆግኒ ዘንድ አይደርስም።
ሁሉን የሚጠራ ሰው አንዱን አያገኝም።

በክቢቷ ቦታ ጥያቄ ምልክት ተከልኩ።
አንድ ሆግኒ ወጣ፤
የሃያ ዓመት ልጅ፥ ሰኞ የተቀጠረ ሹፌር።
«የእህቴ ልጅ ነው» አለ ሽማግሌው፤
ሳቅ ቃጣውና ተወው።

ሻይ ቀዳሁለት። ከወደቡ ጀልባ ጮኸ።
«ወደ ስቪኖይ የሚሄደው የመጨረሻው እሱ ነበር» አለ፤
አልተነሣም።
«ያኔ ጸሐፊያችን ማርጉን ነበረች።
የጽሕፈት መኪናው ከእንግሊዝ የመጣ ነው፤ ክቢቷ የለችውም።
ማርጉን ኦን ትመታለች፥ አንድ ወደ ኋላ ትመለሳለች፥
ከዚያ በእዝባር ትወጋታለች።
ስትቸኩል መመለሱን ትረሳዋለች፤
እዝባሩም ከጎን ይወድቃል፥
ጀልባው እንደጠፋበት መቅዘፊያ።»

ሻዩን አስቀመጥኩ።
ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ሰው ያየውን ገለበጠ፦
ክብ፥ ከጎኗ መቅዘፊያ። ኃጢአት የለበትም።
እዝባር መጻፍ አልችልም፤ ክልክል ነው፤
አሁን ግን የማላውቀው ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፤
ሁለት።
መሰላል፥ ጥያቄ፥ ጥያቄ፥ የቀረው እንዳለ።

መረቡ ከበደ። ሠላሳ ረድፍ!
ከስልሳ ሁለት እስከ ዘጠና ሁለት፥ ክረምት በክረምት፥
በየመስመሩ ጀልባ፥ በየጀልባው ጎን መቅዘፊያ።
በጣቴ ቆጠርኩ፤ እንደገና ቆጠርኩ።
«አንድ ጎደለ» አልኩት፤ «ሰባ አራት የለም።»

ሆግኒ ቆቡን ሁለት ጊዜ አዞረ።
«ሰባ አራት» አለ፤ «የተጋባን ዓመት ነው።
ያን ዓመት አልቸኮለችም፤
መኪናውን መልሳ፥ እዝባሩን መሃል ደረቷ ላይ አሳረፈችው።
ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆንኩባት።»
አንዴ በትክክል ተጻፈ ስሙ፤
ገልባጩ ቀለም የፈሰሰ መስሎት አለፈው።

«ልፈልገው?» አልኩ። «መንገድ አይጠፋም።»
«ሠላሳው ለቢሮው ይበቃል» አለ፥ ቆቡን አጠለቀ፤
«ያንን የት እንዳለ አውቀዋለሁ።»